ተከራይም ጎረቤት ነው
ወጣት ባለሙያዎችና የሰፈራችን ማኅበራዊ ኑሮ

ውድ ተማሪዎች፣ ኤች አይ ቪ በምን በምን እንደሚተላለፍ በክፍላችሁም በፀረ-ኤድስ ክበባችሁም ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት ትንሽ ለየት ያለ ጥያቄ እናነሳለን። ተምሮ ሥራ የያዘ ወጣት ለሚኖርበት ሰፈር ምን ማድረግ ይጠበቅበታል? እናንተስ ነገ ተመርቃችሁ ደመወዝ መቀበል ስትጀምሩ ምን ዓይነት ጎረቤት ትሆናላችሁ?

“ይሄ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፤ እንደርስበታለን።

1. የማኅበረሰብ ተሳትፎ ማለት ምን ማለት ነው?

የማኅበረሰብ ተሳትፎ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ችግኝ መትከል፣ ሰፈር ማጽዳት፣ ቲሸርት ለብሶ ሰልፍ መውጣት። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ተሳትፎ ማለት አንድ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ያለውን ችግር የራሴ ነው ብሎ፣ ባለው እውቀትና ጊዜ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ በቋሚነት መሥራት ማለት ነው።

በአገራችን የተማረ ወጣት ወገኑን እንዲያገለግል መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ “የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት” የሚባል ደንብ ወጥቶ ነበር። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በ“እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ” ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል።

እነዚህ ሁለቱ በመንግሥት ትእዛዝ የተደረጉ ናቸው። ማንም ሳያዛቸው የተነሱም አሉ። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ በሙያዋ ነርስ ናት፤ በ1986 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ አዲስ አበባ ሜሪ ጆይን መሠረተች። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች ራሳቸው ተሰባስበው “መቅድም” እና “ተስፋ ጎህ” የተባሉትን ማኅበራት አቋቋሙ። ያን ጊዜ “ቫይረሱ አለብኝ” ብሎ በአደባባይ መናገር ከሥራም ከቤትም ሊያስባርር ይችል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቱ ቢኒያም በለጠ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በቤተሰቡ ቤት ሰብስቦ በመርዳት መቄዶንያን ጀመረ።

ልብ በሉ! የእነዚህን ሰዎች ሥራ ስትመለከቱ ሦስት የሚያመሳስሏቸው ነገሮች ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ የጀመሩት እጃቸው ላይ ባለው ነገር ነው፤ በሙያ፣ በራስ ሕይወት ልምድ፣ በቤተሰብ ቤት። ሁለተኛ፣ ሥራው የሚታወቅ ቦታና የሚታወቁ ሰዎች ነበሩት። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነበሩ።

“እኔ እንደነሱ ድርጅት ማቋቋም አልችልም” ትሉ ይሆናል። ማን አቋቁሙ አላችሁ? የሰፈራችሁን እድር መጠየቅም ተሳትፎ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደምኖርበት ሰፈር ልውሰዳችሁ።

2. ጎሮን እንደ ምሳሌ

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጎሮ ነው። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ የኪራይ ነው። ጎሮ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ፣ ቪላው፣ በየግቢው ጀርባ የተደረደረው ሰርቪስ ቤት ሞልቶታል። የአይሲቲ መንደር እዚሁ ነው። ብዙም ሳይርቅ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከተማው ወደዚህ አቅጣጫ በፍጥነት ስለሰፋ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ እስከመቋቋም ተደርሷል።

ታዲያ በእንዲህ ያለ አዲስ ሰፈር ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አንዱ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ አንዱ እንደ እኔ ሥራ ይዞ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ማለዳ ይወጣሉ፤ ማታ ደክመው ይገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንመልከት። በሰፈር ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቁት ምንድን ናቸው? አንዱ እድር ነው። ግን በብዙ ቦታ እድር የሚገባው ባለቤት ነው። የቆየ እድር ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበርና የምግብ ዕቃ ስላለው አዲስ አባል ከነባሮቹ ጋር ለመስተካከል ከፍ ያለ መግቢያ ይጠየቃል። ተከራይ ደግሞ ያን ያህል ከፍሎ ከስድስት ወር በኋላ ቤት ቢለቅ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው። ሌላው በኮንዶሚኒየም ያለው ማኅበር ነው። እሱም በስሙ እንደምትሰሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው።

ስለዚህ ተከራይ በሰፈሩ አለ፤ በሰፈሩ መዝገብ ግን የለም። ወጣቷ የፋብሪካ ሠራተኛ እንደዚሁ። ዲግሪ ይዞ ጎን ለጎን የተከራየው መሐንዲስ፣ ነርስ፣ መምህር፣ የሂሳብ ሠራተኛም እንደዚሁ። ልዩነቱ ባለሙያው ደብዳቤ መጻፍ፣ ደንብ ማንበብ፣ ጤና ጣቢያ ገብቶ የት መሄድ እንዳለበት መጠየቅ ይችላል። ወጣት ባለሙያ ለሰፈሩ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

3. በአንድ ግቢ ውስጥ የሆነው

በምኖርበት ግቢ ስድስት ክፍል ሰርቪስ አለ። በአንደኛው ሁለት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ይኖሩ ነበር። አንደኛዋ ማሳል ጀመረች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ከሳች። ከዚያ ሥራ ቀረች። በግቢው ውስጥ ወሬው ወዲያው ተጀመረ፤ ምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። የውኃ ቧንቧው ጋ ስትመጣ ሰው ገለል ማለት ጀመረ። አከራያችንም ቤቱን እንድትለቅ ለመንገር ተዘጋጅተው ነበር።

በሌላኛው ክፍል የምትኖር ነርስ አለች፤ ተመርቃ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነበር። አከራያችንን እንዲህ ስትላቸው ሰምቻለሁ።

“እትዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ። እኔ ራሴ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።”

“ልጄ፣ እኔም እኮ ልጆች አሉኝ፤ ፈርቼ ነው።”

“ፍርሃትዎ ይገባኛል። ግን ብትወጣ ሕመሙን ይዛው ሌላ ግቢ ነው የምትገባው። ብትታከም ግን ለርስዎም ለልጆችዎም ይሻላል።”

ልጅቷ በአክታ ምርመራ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት፤ መድኃኒቱንም በነፃ ጀመረች። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገራችን በነፃ ይሰጣል። በተለምዶ ስድስት ወር ይፈጃል። ለመድኃኒቱ የሚበገር ዓይነት ከሆነ ሰውየው በአግባቡ በወሰደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የሳንባ ነቀርሳ ለተገኘበት ሰው ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ ምክር ይሰጠዋል፤ ለእሷም ተሰጣት።

ውጤቷ ምን ነበር? አላውቅም። ነርሷ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል ይህንኑ እመርጥ ነበር። ጎረቤትን ለመርዳት የደም ውጤቱን ማወቅ አያስፈልግም። ምግብ ለማቀበል፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ጤና ጣቢያ አብሮ ለመሄድ የሚያስፈልገው መታመሙን ማወቅ ብቻ ነው።

ልጅቷ እየዳነች ቢሆንም ያልተፈታ ነገር ነበር። ደመወዝ ስለሌላት የቤት ኪራይ መክፈል አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወደ ሰፈሩ እድር የሄደው።

4. ሙያ በእድር ስብሰባ ላይ

ነርሷና እኔ ለእድሩ ሰብሳቢ አመልክተን በወሩ ስብሰባ ላይ እንድንናገር ተፈቀደልን። ጥያቄያችን ተከራዮች በአነስተኛ መግቢያ አባል ይሁኑ፣ እድሩም ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመም ይድረስ የሚል ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሱና፦

“ተከራይ እኮ ዛሬ አለ፣ ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ማን ብለን እንመዝግበው?” አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ የእድሩ ገንዘብ የስንት ዓመት መዋጮ ነው። አንዲት እናት ግን ከኋላ ሆነው መለሱላቸው።

“ሲሞትስ? ሬሳው የሚወጣው ከእኛው ግቢ አይደለም እንዴ? ያን ጊዜ ተከራይ ነው ብለን በር ልንዘጋ ነው?”

ቤቱ ጸጥ አለ። ስሜት ብቻውን ግን ደንብ አይሆንም፤ ገንዘብ ያዡም “ካዝናው ባዶ ቢሆንስ?” ብለው ጠየቁ። የእኔ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር። የእድሩን የገቢና የወጪ መዝገብ ተቀብዬ በሚቀጥለው ወር ሂሳቡን ሠርቼ አቀረብኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተከራይ መግቢያውን በየወሩ ከፋፍሎ ይክፈል፤ ሙሉ ጥቅም ማግኘት የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ይሁን፤ ቤት ሲለቅ የድንኳኑና የዕቃው ድርሻ አይኑረው። ለታመመ አባል የሚሰጠው እርዳታም ጣሪያ ይበጅለት። እንዲህ ከሆነ ነባሮቹ የሚጎዱበት ነገር የለም።

ከብዙ ክርክር በኋላ ተወሰነ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። ለልጅቷም በዚያው ስብሰባ የአንድ ወር ኪራይ በመዋጮ ተሰበሰበ። ዛሬ ከአባላቱ መካከል ተከራዮች አሉ። ለቀስተኛ ሲመጣ ወንበር የሚደረድሩትም እነሱው ናቸው።

ይህ የጎሮ ብቻ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኤች አይ ቪ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ይገድል በነበረበት ዘመን እድሮች በየቀኑ ሲቀብሩ ገንዘባቸው ተሟጥጦ ነበር። ያን ጊዜ አንዳንድ እድሮች “ለምን ሞቶ እስኪቀበር እንጠብቃለን? በሕይወት እያለ ለምን አንደርስለትም?” ብለው ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ መጠየቅና ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ነርሶች አሠለጠኗቸው፤ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ቤት ለቤት ዞሩ።

5. ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?

በመግቢያው ላይ የገባሁትን ቃል ላክብር። በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. በተወሰደ ደም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1978 ዓ.ም. ነው። የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጤናው ተሻሽሎ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሰዎች 4.7 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ወደ 3.4 በመቶ ወርዷል። መውረዱ ደስ ይላል፤ ግን በዚያው ጥናት የአገሪቱ አማካይ 0.9 በመቶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ ራሱን አያውቅም ነበር። ታዲያ “ኤድስ ድሮ ቀረ” እያለ የሚዘናጋ ወጣት ምን ይዞ ነው?

መድኃኒት ካለ፣ ምርመራ ካለ፣ ሰው ለምን ሳይመረመር ይቀራል? አንዱ ምክንያት ብቸኝነት ነው። ከአገሯ ርቃ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ ማንም በማያውቃት ሰፈር የምትኖር ወጣት ብትታመም ማንን ትጠይቃለች? ኪራይ ሲጎድልባት “እኔ እከፍልልሻለሁ” የሚላት ሰው ቢመጣ፣ ሌላ የምትሄድበት በር ከሌላት እምቢ ማለት ምን ያህል ይከብዳታል? መታቀብ፣ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም የሚለውን ምክር ብታውቀው እንኳ፣ ለመተግበር የሚያስችላት አቅም ያስፈልጋታል። የሚያውቃት ጎረቤት፣ የሚደርስላት እድር፣ አብራት ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነርስ ካለች ያ አቅም አለ ማለት ነው። የሰፈር ኑሮ ከኤች አይ ቪ መከላከል ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው።

ለጎረቤታችሁም ለራሳችሁም የሚጠቅሙ ሦስት እውነቶችን እዚህ ላይ ያዙ።

ሀ) መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቀጠለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።

ለ) አስገድዶ መድፈር የደረሰበት ወይም በሌላ መንገድ ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ የሚል ሰው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ከሄደ የሚከላከል መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ስለዚህ “ነገ እሄዳለሁ” አይባልም።

ሐ) ከተጋለጡ በኋላ ወዲያው የተደረገ ምርመራ ቫይረሱን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው በሚሰጠው ቀጠሮ መሠረት ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል።

6. እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ባለሙያ እስክትሆኑ መጠበቅ የለባችሁም። ከዛሬ ጀምሮ የሚከተሉትን ተለማመዱ።

አንድ፣ የምታውቁትን ነገር ለዩ። ሒሳብ የሚያውቅ ታናናሾቹን ያስጠና፤ ጽሕፈቱ የሚያምር ለእድሩ ማስታወቂያ ይጻፍ፤ በየክረምቱ በሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም መመዝገብ ይቻላል።

ሁለት፣ ያለውን ተቋም ተጠቀሙ። ክበባችሁ፣ እድሩ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ከባዶ ከመጀመር ባለው ላይ መጨመር ይቀላል።

ሦስት፣ ሰዓት ቁረጡ። “ጊዜ ሲኖረኝ እመጣለሁ” የሚል ሰው አይመጣም። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ግን በየሳምንቱ።

አራት፣ ምሥጢር ጠብቁ። የሰው ሕመም የእናንተ ወሬ አይደለም። ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን!

አምስት፣ አቅማችሁን እወቁ። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። የታመመ ሰው ቤት ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለወላጅ ወይም ለክበቡ ኃላፊ መምህር ተናገሩ። ጥቃት የደረሰባት ጓደኛ ካለቻችሁም ለምታምኗቸው አዋቂዎች ወዲያው አሳውቁና ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ስድስት፣ አዲስ የመጣውን ተከራይ ሰላም በሉ። ስሙን ጠይቁ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። በእኛ ግቢ ነርሷ ብቻዋን ብትሆን ኪራዩን አትችለውም ነበር። እድሩ ብቻውን ቢሆን ሕመሙን አያውቅም ነበር። እኔም ብቻዬን ብሆን የማውቀው መደመርና መቀነስ ነው። እናንተም ነገ የምትይዙት ሙያ የትኛውም ይሁን፣ ለሰፈራችሁ የሚሆን አንድ ሎሚ አይጠፋውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትኖሩበት ሰፈር የእድር አባል መሆን የማይችሉ ሰዎች እነማን ናቸው? ለምን?

2. ነርሷ የልጅቷን የምርመራ ውጤት ለአከራዩ ብትናገር ኖሮ ምን የሚፈጠር ይመስላችኋል?

3. “ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም” ላሉት ሽማግሌ እናንተ ምን ትመልሱላቸው ነበር? ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

4. ወደፊት መያዝ የምትፈልጉትን ሙያ ጻፉ። ያ ሙያ በሰፈራችሁ የትኛውን ችግር ለማቃለል ሊረዳ ይችላል?

መልሶቻችሁን በክበባችሁ ተወያዩባቸው። እስከሚቀጥለው ትምህርት በጤና ቆዩ!